ወይዘሮ ባፈና እና የሸዋ ዙፋን

በ1869 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ጦራቸውን አስከትተው ወደ ጎጃም በዘመቱ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባፈና የንጉሡን የአጎት ልጅ መሸሻ ሰይፉን ለዐመፅ አነሣሡ። አሳባቸው ግን መሸሻን ለማንገሥ አልነበረም፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ሲጣሉ ዙፋኑ ከቀድሞ ባላቸው ለወለዱት ልጅ እንዲተርፍ ነበር። ይህ ታሪክ ባሏን የከዳች ሚስት ተንኮል ሆኖ ሲነገር ኖሯል። እኔ ግን ነገሩ የአልጋ ጥያቄ ነበር እላለሁ፤ ወይዘሮዋንም ከመኳንንቱ ተራ አውጥተን በጓዳ ብቻ መመዘናችን ፍርድ ማጓደል ነው።

አስቀድሞ የሚፈለገው ምን እንደ ነበር እንይ። ከአንኮበር ተራራ በታች የይፋት ቆላ አለ፤ ዛሬ ሸዋ ሮቢት የቆመችበት አገር ነው። ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ጨውም ጨርቅም ጠመንጃም በዚያ መንገድ ይገባል። የምኒልክ አያት ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ሲዋዋሉ ከሸዋ ቀጥለው ይፋትን በማዕረጋቸው ያስጠሩት ያለ ነገር አይደለም። አንኮበርን የያዘ የቆላውን ቀረጥ ይይዛል፤ ንጉሡ በራቁ ጊዜ የተነሣ ሰው ይህን ሳያውቅ አልተነሣም።

ልጁ ከሳህለ ሥላሴ ዘር አልነበረምና ምኞቱ ከንቱ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መሸሻ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ከዘሩ የሆነ ሰው ቀድሞ ካልተነሣ የሸዋ ሰው ለማን ይነሣ ነበር? ይህ የበቀለኛ ሥራ አይደለም፤ የጎደለውን የሚያውቅ ሰው ስሌት ነው። ባልን መክዳት በደል አይደለም ወይ ለሚለኝ፣ በደል ነው እላለሁ። ነገር ግን አቶ በዛብህ በሸዋ ላይ የሾሟቸውን ዐፄ ቴዎድሮስን ከድተው ራሳቸውን ንጉሥ ባሉ ጊዜ ማንም ስለ ትዳራቸው አልጠየቀም፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ድል ሲያደርጓቸውም ነገሩ የመንግሥት ነገር ሆኖ ተጻፈ። ሴትን በባሏ ብቻ የመመዘን ልማድ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐሲን ጃሃን በሕንድ በሙምባይ ከተማ ወደ ኮንግረስ ፓርቲ ሲገቡ፣ ዜናው የተነገረው የተጣሉት ባላቸው በክሪኬት ተጫዋቹ በመሐመድ ሻሚ ስም ነው።

ዐመፁ ሳይሳካ ቀረ፤ ንጉሡም በተመለሱ ጊዜ ወይዘሮዋን ማሩ። ስለ ወደዷቸው ነው ይባላል፤ መውደዱም አይካድም። ሆኖም ዐፄ ዮሐንስ በሰሜን ተነሥተው ነበር፤ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ በልቼ ገብተው ተገዙላቸው። እንዲህ ያለ ጠላት በደጅ ሳለ የሸዋን ቤት ለሁለት መክፈል አይቻልም ነበር፤ ምሕረቱ ብልሃትም ነበረበት። የሁለቱ ኑሮ ግን አልጸናም፤ በኋላ ተለያዩ። ወይዘሮ ባፈና የኖሩት ያለ ቁርባን ነውና ክብራቸው በንጉሡ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለልጃቸው ዙፋን ያስመኛቸውም ይህ ሥጋት ይመስለኛል። ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ከወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ጋር በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ።