ስለ ልዑል ዓለማየሁ መቃብርና ስለ ጠጕሩ ምስክርነት

የትውልድ ነገር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በቃል ሲቈጠር የኖረ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥር ሽማግሌ ለቤተ ዘመዱ እንደ መዝገብ ነበረ። የመላው አገር ሕዝብ ቈጠራ የተጀመረው ገና በ1976 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከየአገሩ መጥቶ በመርካቶ የሰፈረ ሰው ስለ ቅድመ አያቱ የሚጠይቀው የእድሩን መዝገብና የአጥቢያውን ካህናት ነው። በዚያም ላይ ሽማግሌው የሚያውቀው የዓለም ስሙን፥ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት የምታነሣው ግን የክርስትና ስሙን ነውና ሁለቱን ማገናኘት ያደክማል።

የልዑል ዓለማየሁ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ መቃብሩ ታውቆ ሳለ ለወገኖቹ የራቀ ነውና። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ዐርፈው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሰርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ።

በ2011 ዓ.ም. በለንደን በጦር ሙዚየም የነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ወደ አገሩ ተመለሰ። የልዑሉም ጠጕር በሞግዚቱ በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች ዘንድ ቆይቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አምባሳደር ተሰጠ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በዲ.ኤን.ኤ. ቢመረመሩ አባትና ልጅ መሆናቸው ወዲያው ይታያል የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሥር የሌለው ጠጕር አብልጦ ጠብቆ የሚያቆየው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ምልክት ነው። እኛ ትውልድን በአባት ስም ስንቈጥር ጠጕር በእናት ይቈጥራል። ስለዚህ የልዑሉ ጠጕር ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ፥ የንጉሠ ነገሥቱም ስለ ወይዘሮ አትጠገብ ይመሰክራል፤ ጠላት ኮሶ ሻጭ እያለ የነቀፋቸው እናት ምስክርነታቸው በልጃቸው ራስ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ለአፅሙ ግን የልዑሉ የራሱ ጠጕር ይረዳል፤ የአንድ ሰው አጥንትና ጠጕር ያው የእናት ምልክት አለባቸውና። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት፥ በአጠገቡ ያረፉትን ብዙዎች ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት የሚቻል አይመስልም ሲል መለሰ። ይህ መልስ የሙታንን ዕረፍት ያስባልና የሚናቅ አይደለም፤ የትኛው አፅም የእርሱ እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ግን ከአራት ወር በኋላ የተሰጠው ጠጕር መንገድ ከፍቷል። እናት በጨለቆት፥ ልጅም በዊንድሰር ናቸው።