የኮርቢን ኮፍያ፦ የብሪታንያ ሚዲያ አንድን ተቃዋሚ መሪ እንዴት አሳየ?

የዛሬው ፖስት ትንሽ ረዘም ይላል። ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማርች 2018 ላይ አንድ የቀድሞ የሩሲያ ሰላይ እና ሴት ልጁ እንግሊዝ ውስጥ ሳልዝበሪ በምትባል ከተማ ተመርዘው ተገኙ። የብሪታንያ መንግሥት ጣቱን ወደ ሞስኮ ቀሰረ። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢን ግን ከመፍረድ በፊት ማስረጃው በደንብ ይታይ የሚል አቋም ያዙ። በዚያው ሰሞን የቢቢሲው «ኒውስናይት» ስለ እሳቸው ሲያወያይ ከጋዜጠኞቹ ጀርባ አንድ ትልቅ ምስል ለጠፈ። ኮርቢን ኮፍያ አድርገዋል፣ ከኋላቸው የሞስኮ ሕንፃዎች ይታያሉ፣ ምስሉ በሙሉ ቀላ ብሏል።

ትዊተር ተንጫጫ። ደጋፊዎቻቸው ኮፍያው የሌኒንን እንዲመስል በፎቶሾፕ ተነካክቷል አሉ። ቢቢሲ ደግሞ ኮፍያውን አልነካሁም፣ እንዲህ ዓይነት ምስል ለመከላከያ ሚኒስትሩም ተጠቅሜያለሁ ብሎ መለሰ።

በኮፍያ ይሄን ያህል መጣላት ምን የሚሉት ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ግን ሰዎቹ የተጣሉት በኮፍያ አልነበረም። ጥያቄው «ሚዲያው ይህን ሰውዬ እየዘገበው ነው ወይስ እየታገለው?» የሚል ነበር። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

▶ ሰውዬው ማናቸው?

ጄረሚ ኮርቢን የተወለዱት በ1949 ነው። ከ1983 ጀምሮ የሰሜን ለንደኑ ኢዝሊንግተን ኖርዝ የፓርላማ ተወካይ ናቸው። 32 ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ሳይነሱ የራሳቸውን ፓርቲ ጭምር ሲሞግቱ ኖረዋል። የኢራቅን ጦርነት ተቃውመዋል፣ የኑክሌር መሣሪያ አይፈልጉም፣ ንጉሣዊ ሥርዓቱ ቢቀር ደስ ይላቸዋል።

በ2015 ለሌበር ፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ ያሸንፋሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በውርርድ ቤቶች ቁጥራቸው 100 ለ 1 እና ከዚያም በላይ ነበር። ሰፕቴምበር 12 ቀን 2015 ግን በ59.5 በመቶ ድምፅ አሸነፉ። አዳዲስ አባላት፣ በተለይ ወጣቶች፣ ወደ ፓርቲው ጎረፉ። የፓርቲው የፓርላማ አባላት ደግሞ አብዛኞቹ አልፈለጓቸውም። ጁን 2016 ላይ 172 ለ 40 በሆነ ድምፅ እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። እሳቸው አልወርድም አሉ፣ ድጋሚ ውድድር ተደረገ፣ በ61.8 በመቶ መልሰው አሸነፉ።

ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

▶ ጋዜጣ እና ቴሌቪዥን በአንድ ሕግ አይዳኙም

ብሪታንያ ውስጥ ቴሌቪዥን እና ሬዲዮ በፖለቲካ ገለልተኛ የመሆን ግዴታ አለባቸው። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ይባላል። ጋዜጦች ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም። አንድ ጋዜጣ በግልጽ «እገሌን ምረጡ» ብሎ ፊት ገጹ ላይ ማውጣት ይችላል፣ ነውርም አይደለም። ዘ ሰን እና ዘ ታይምስ የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ናቸው። ዴይሊ ሜይል እና ዴይሊ ቴሌግራፍም ወደ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ያዘነብላሉ። ዴይሊ ሚረር በተቃራኒው የሌበር ወዳጅ ነው።

ብዙዎቹን ጋዜጦች የሚቆጣጠረው ኢፕሶ የሚባል አካል ሲሆን በጀቱን የሚከፍሉት ጋዜጦቹ ራሳቸው ናቸው። ጋዜጣ ወገን መያዝ ይችላል፣ እውነቱን ማጣመም ግን በደንቡ አይፈቀድለትም።

▶ ጥናቶቹ ምን አሉ?

የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ከሰፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 2015 ድረስ በስምንት ጋዜጦች የወጡ 812 ጽሑፎችን አንድ በአንድ አዩ። ውጤቱን በ2016 አወጡት።

• በ52 በመቶው ጽሑፍ ውስጥ የኮርቢን የራሳቸው ሐሳብ ጭራሽ የለም።
• በ22 በመቶው ሐሳባቸው አለ፣ ግን ከአውዱ ወጥቷል ወይም ተዛብቷል።
• በ15 በመቶው ሐሳባቸው አለ፣ ተሞግቷልም።
• በ11 በመቶው ብቻ ሐሳባቸው ሳይነካካ ቀርቧል።

ልብ በሉ፦ ሦስተኛው ችግር አይደለም። ሐሳብን አቅርቦ መሞገት የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ስለ አንድ ሰው ብዙ ተወርቶ ሰውዬው ራሱ ምን እንዳለ ካልተነገረ፣ አንባቢው የሚያውቀው ስሙን እና ስድቡን ብቻ ይሆናል።

ጥናቱ የሚያወራው ስለ ጋዜጦች ነው፣ ያውም ስለ ሁለት ወር። ቴሌቪዥንን በተመለከተ የሚዲያ ማሻሻያ ጥምረት የሚባል ቡድን ከበርክቤክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2016 የፓርቲው ቀውስ ሰሞን የነበረውን ዘገባ አጥንቶ ነበር። የቢቢሲ የማታ ዜና ለኮርቢን ተቃዋሚዎች ለደጋፊዎቻቸው ከሰጠው ሁለት እጥፍ ገደማ ሰዓት ሰጥቷል አለ።

እዚህ ጋ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የሚመጣው። ጋዜጠኞቹ መልስ ነበራቸው። ያን ጊዜ ሲቃወሟቸው የነበሩት የራሳቸው ፓርቲ የፓርላማ አባላት ናቸው። 172 ሰው በመሪው ላይ ሲነሳ ዋናው ዜና እሱ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ይሄ ቀላል መልስ አይደለም። ግን በ2015 የመረጧቸው ከ250 ሺህ በላይ ሰዎችም ነበሩ፤ የእነሱ ድምፅ ከ172ቱ ጋር ሲመዘን ስንት ደቂቃ ይገባዋል? እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ይሄ ነው።

▶ ስህተት መሆናቸው የተረጋገጠ ዘገባዎች

«አዛብተዋል» ማለት ቀላል ነው። የሚመለከተው አካል ስህተት ነው ያላቸው ወይም ተናጋሪው ራሱ ይቅርታ የጠየቀባቸው የትኞቹ ናቸው? ሦስቱን እንይ።

1. የንግሥቲቱ እጅ። ሰፕቴምበር 2015 ላይ ዘ ሰን፣ ንጉሣዊ ሥርዓቱን የሚጠሉት ኮርቢን ለፓርቲያቸው 6.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማግኘት ሲሉ የንግሥቲቱን እጅ ሊስሙ ነው የሚል ዜና ፊት ገጹ ላይ አወጣ። ገንዘቡ ግን ለተቃዋሚ ፓርቲዎች የሚሰጥ የፓርላማ ድጎማ ነው፣ ከእጅ መሳም ጋር አይገናኝም። ኢፕሶ ዘገባው አሳሳች ነው ብሎ ወሰነ።

2. የተቀየረው ጥያቄ። ኖቬምበር 2015፣ ፓሪስ ላይ 130 ሰው ከተገደለ ከቀናት በኋላ፣ የቢቢሲ የፖለቲካ አርታኢ ላውራ ኩንስበርግ ኮርቢንን ቃለ መጠይቅ አደረጉ። ፖሊስ ወይም ወታደር በብሪታንያ ጎዳና ላይ ተኩሶ እንዲገድል ማዘዝ ያስደስትዎታል ወይ የሚል ጥያቄ ቀረበ። እሳቸውም በጥቅሉ ይህ ፖሊሲ እንደማያስደስታቸው መለሱ። በዜናው ላይ ግን መልሱ የተገጠመው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ እንደ ፓሪሱ ዓይነት ጥቃት ቢደርስ ፖሊስ መተኮስ አለበት ወይ ለሚለው። ያኔ የቢቢሲ ተቆጣጣሪ የነበረው ቢቢሲ ትረስት በጃንዋሪ 2017 ዘገባው የትክክለኛነት እና የገለልተኛነት ደንብ ጥሷል አለ። ሆን ተብሎ ለመጉዳት የተደረገ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘሁም ብሏል። የቢቢሲ የዜና ኃላፊ በውሳኔው አልተስማሙም።

3. የሰላይ ወሬ። ፌብሩዋሪ 2018 ላይ ዘ ሰን አንድ የቀድሞ የቼኮዝሎቫኪያ ሰላይን ጠቅሶ ኮርቢን በ1980ዎቹ ከሰውዬው ጋር ይገናኙ ነበር አለ። ነገሩ በየጋዜጣው ተቀጣጠለ። የቼክ የደህንነት መዛግብት ኃላፊ ግን ኮርቢን ተባባሪ ሆነው እንዳልተመዘገቡ ተናገሩ። ቤን ብራድሊ የተባሉ የወግ አጥባቂው ፓርቲ የፓርላማ አባል ኮርቢን ምስጢር ሸጠዋል ብለው ትዊት አድርገው ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ከፈሉ። ወሬው አንድ ሳምንት ሙሉ ፊት ገጽ ይዞ ነበር። ይቅርታውን ስንት ሰው አነበበው?

▶ ትክክለኛ ጥያቄዎችም ነበሩ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። «ሚዲያው በድሏቸዋል» ብሎ ፖስቱን መዝጋት ቀላል ነበር። ግን ግማሹን ታሪክ መደበቅ ይሆናል።

ኮርቢን በ2009 የሐማስ እና የሂዝቦላህ ሰዎችን «ወዳጆቻችን» ብለው ጠርተው ነበር፤ በኋላ በዚህ አነጋገር ተጸጽቻለሁ ብለዋል። በ2012 ለንደን ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሳለ፣ አይሁዶችን የሚያንቋሽሽ ሥዕል ሊጠፋ ሲል ፌስቡክ ላይ ለሠዓሊው ተቆርቁረው ጽፈዋል። ጉዳዩ በ2018 ሲወጣ ሥዕሉን በደንብ ሳላየው ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሦስት የአይሁድ ጋዜጦች አንድ ዓይነት ፊት ገጽ ይዘው ወጡ፤ በኮርቢን የሚመራ መንግሥት ለብሪታንያ አይሁዶች የህልውና አደጋ ነው አሉ።

ኦክቶበር 2020 ላይ የእኩልነት እና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የምርመራ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ሌበር ፓርቲ በእሳቸው ዘመን ጸረ አይሁድ ጥላቻን በተመለከተ ሕግ ጥሷል፣ በአቤቱታዎች ላይም ከመሪው ቢሮ ጣልቃ ገብነት ነበር አለ። ኮርቢን በምላሻቸው የችግሩ መጠን በተቃዋሚዎቻቸው እና በአብዛኛው ሚዲያ ለፖለቲካ ሲባል ተጋኗል አሉ። በዚያው ቀን ከፓርቲው ታገዱ። በ2022 የወጣው የፎርድ ሪፖርት ደግሞ በፓርቲው ውስጥ ሁለቱም ጎራ ጉዳዩን እርስ በርስ መወጊያ እንዳደረገው ጻፈ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል። ሚዲያው አንዳንዴ አዛብቷል፣ ስህተቱም በውሳኔ ተረጋግጧል። በዚያው ልክ ስድብ እና ዛቻ የደረሰባቸው የአይሁድ የፓርቲ አባላት ነበሩ፣ ታሪካቸውን ያወጣላቸውም ሚዲያው ነው። «ሁሉም የሚዲያ ሴራ ነው» የሚል ሰው እነዚህን ሰዎች ውሸታም እያለ ነው።

▶ ታዲያ ምርጫውን የወሰነው ሚዲያ ነው?

ጁን 7 ቀን 2017፣ ከምርጫው አንድ ቀን በፊት፣ ዴይሊ ሜይል 13 ገጽ ሙሉ ኮርቢን እና ጓዶቻቸውን ለመውቀስ አዋለ። በማግስቱ ዘ ሰን ፊት ገጹ ላይ ኮርቢንን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስገብቶ አወጣ። ውጤቱስ? ሌበር 40 በመቶ ድምፅ አገኘ፣ 30 መቀመጫ ጨመረ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ አብላጫውን አጣ። ወጣቱ ጋዜጣ ሳይሆን ስልኩን ነበር የሚያየው።

ዲሴምበር 2019 ላይ ግን ሌበር ወደ 202 መቀመጫ ወረደ፣ ከ1935 ወዲህ ትንሹ ቁጥር ነው። ብሬግዚት አለ፣ ሰው በመሪው ላይ እምነት አጥቷል፣ የአራት ዓመት የፊት ገጽ ዘገባም አለ። አንዱን ብቻ ነጥሎ «ይሄ ነው ምክንያቱ» ማለት አያስኬድም።

የስልክ ዘመኑም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከኮርቢን ደጋፊዎች አንዳንዶቹ ጋዜጠኞችን መሳደብ እና ማስፈራራት ጀመሩ። ኩንስበርግ በ2017 የሌበር ጉባኤ ላይ በጠባቂ ታጅበው እንደሄዱ ተዘግቧል። የተዛባ ዘገባን በዛቻ ማረም አይቻልም።

▶ ከኛስ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ሰው አያስታውሰውም እንጂ ኮርቢን ከኛ አገር ፖለቲካ ጋር የተገናኙበት ጊዜ ነበር። የብሪታንያ ዜግነት ያላቸው አንዳርጋቸው ጽጌ በ2014 የመን ሰንዓ አየር ማረፊያ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ሲወሰዱ፣ ይፈቱ ብለው ከጮኹ የፓርላማ አባላት አንዱ ኮርቢን ነበሩ። በ2015 መጀመሪያ ከሌሎች ተወካዮች ጋር አዲስ አበባ ለመምጣት አስበው ጉዞው ተሰርዟል። አንዳርጋቸው የተፈቱት በሜይ 2018 ነው።

▶ ቀጣዩን ዜና ስታነቡ

የብሪታንያ ዜና በየቀኑ አናነብ ይሆናል፣ ስለ ፖለቲከኛ የሚወራ ወሬ ግን በየደቂቃው ስልካችን ላይ ይገባል። ከዚህ ታሪክ እኔ የያዝኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

• ሰውዬው ራሱ ምን አለ? ዜናው ውስጥ ቃሉ አለ ወይስ ስለ እሱ የተባለው ብቻ?
• የተጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር? መልሱ ከጥያቄው ተቆርጦ መጥቶ ይሆን?
• ምስሉ ምን እያለኝ ነው? ቀለሙን እና ጀርባውን የመረጠው ማነው?
• የምደግፈው ሰው ላይ ቢሆን ይሄን ማስረጃ እቀበለው ነበር?
• እርማት ወጥቷል ወይ? ከወጣስ እኔ ሼር ያደረግኩትን አስተካክያለሁ?

አራተኛዋ በጣም ከባዷ ናት፣ ለእኔም ጭምር።

ኮርቢን ዛሬም ፓርላማ ውስጥ ናቸው። በ2024 ያለ ፓርቲ በግል ተወዳድረው በ7,247 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በጁላይ 2025 ደግሞ ከዛራ ሱልታና ጋር አዲስ ፓርቲ እንደሚመሠርቱ አሳወቁ። ስለዚህ ስማቸውን ገና እንሰማዋለን፣ ኮፍያዋንም ገና እናያታለን። ስናያት ከምስሉ በፊት ጽሑፉን እናንብብ።