የቦዲቲ ልጅና የተረት መጽሐፍ

ከሶዶ ተነሥቶ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ የዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቦዲቲን ያገኛል። ስለ ገበያዋና ስለ አገሩ እንሰት የሚናገር ብዙ ሰው አለ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ሌላ ጕዳይ ነው፤ ይኸውም የቦዲቲ ልጅ ለፈተና ሳይሆን ለደስታው የሚያነበው መጽሐፍ በየትኛው መንገድ ወደ እጁ እንደ ደረሰ፣ ወይም ሳይደርስ እንደ ቀረ ነው።

ተረት ለወላይታ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ፣ ከብቱ በቤቱ በአንድ ወገን፣ ሰዉ በሌላው ወገን ሆኖ፣ አያት እሳት ዳር ስትተርት እየሰማ ያደገ ብዙ ነው። እንግዲህ የጐደለው ተረቱ አልነበረም፤ ተረቱን ይዞ የሚቀመጥ መጽሐፍ እንጂ።

በአገራችን የልብ ወለድ መጽሐፍ ዕድሜው አጭር ነው። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙትን፣ ኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ በሮም ያሳተሙት በ1900 ዓ. ም. ነው። ይህም ሆነ ከእርሱ በኋላ የወጡት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ድርሰቶች ግን ለዐዋቂ የተጻፉ ነበሩ። ተማሪ ልጅ ተረትንና ምሳሌን በመጽሐፍ ያገኘው ይልቁን ከነጻነት በኋላ፣ በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ. ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳተሙ። መልካም መጻሕፍት ናቸው። ነገር ግን በቤቱ ወላይትኛ ለሚናገር ልጅ አማርኛው ራሱ ትምህርት ስለ ነበረ፣ ከተረቱ ደስታ አስቀድሞ የቃሉን ትርጕም መፈለግ ግድ ሆነበት፤ የመምህሩን አለንጋ ሳንቈጥር ነው።

ወላይትኛ ለብዙው ሕዝብ የንባብ ቋንቋ የሆነው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ እርሱ ነበረ፤ የቀሩት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ናቸው። የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበረ። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ፊደል ቈጠረ። ከዚያ በኋላ የቀረበለት ንባብ በይበልጥ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚናገር ነበረ፤ ጠቃሚነቱን አንክድም፤ ጅብና ጦጣ ግን እንደ ልማዳቸው እሳት ዳር ቀሩ።

በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ባዘዘ ጊዜ፣ ወላይትኛም ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ የገባው ግን በላቲን ፊደል ነው። የላቲኑ ፊደል የቋንቋውን ረጃጅም አናባቢዎችና የሚጠብቁትን ድምፆች ለይቶ ለማሳየት እንደሚመች የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚህ ክርክር አንገባም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ1971 ዓ. ም. በግዕዝ ፊደል ወላይትኛን ያነበበ አባት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችውን የወላይትኛ መጽሐፍ ገልጦ ቢያይ ማንበብ አይችልም። ቋንቋው የገዛ ቋንቋው ነው፤ ቢነበብለት አንዲት ቃል አታመልጠውም፤ ፊደሉ ግን ከደጅ አስቀረው። ልጂቱስ አማርኛ ስትማር የአባቷን ፊደል ትደርስበታለች፤ አባት ግን ወደ ትምህርት ቤት አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ቋንቋ፣ መጽሐፍ ሁለቱን ሳያገናኝ ቀረ።

ሕዝቡ ለልጆቹ መጽሐፍ ግድ የለውም የሚል ቢኖር፣ የወጋጎዳን ነገር ያስታውስ። ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር የቀላቀለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጅቶ መጽሐፉ ለትምህርት ቤቶች ታደለ። ልጅ በንባቡ ውስጥ እናቱ የማትናገረውን ቃል አገኘ። በኅዳር ወር 1992 ዓ. ም. በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1993 ዓ. ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ጕዳዩ ከአስተዳደር ጥያቄ ጋራ የተያያዘ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ቢሆንም፣ በ1968 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪቃ የሶዌቶ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቋንቋ ደማቸውን ማፍሰሳቸውን የሚያውቅ ሰው፣ የሶዶውን ነገር እንደ ጥቂት አይቈጥረውም።

ከወላይታ ውጭ የተደረገ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ስላጡ፣ አንድ የአገር ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በአዋሳ መጽሐፍ የተሞላ ጋሪ በአህያ እየተሳበ ወደ ልጆች ይሄድ ጀመር። አህያ ለጤፍና ለውሃ ብቻ የተፈጠረ ለሚመስለው ሰው፣ ይህ ራሱ ተረት ይመስል ነበር።

ከዚህ ሥራ ለቦዲቲ የምንመርጠው ጋሪውን ሳይሆን ያንን በሁለት ፊደል የታተመ መጽሐፍ ነው። እናቱ የተረተችለትን አንድ ተረት የሚያስታውስ መምህር በዳሞት ጋሌ አይጠፋም። ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ በወላይትኛ ይጻፈው፤ በግራው ገጽ በግዕዝ ፊደል፣ በቀኙ በላቲን ይታተም። ያን ጊዜ አባት በአንዱ ገጽ፣ ልጂቱ በሌላው፣ ጅቡ እንዴት እንደ ተታለለ ማታ እሳት ዳር አብረው ያነባሉ።