በሕግ አምላክ!

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስመለስ ነው። ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ኮሶዬ ስንደርስ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አስፋልቱን አልብሶት ነበር። ሚኒባሱ ድንገት ቆመ። ከፊታችን ሠላሳ የሚሆን ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ወርጄ በሰው ትከሻ መካከል አጮልቄ ብመለከት አንድ ጎልማሳ ገበሬ በጎኑ ተጋድሟል፤ ጋቢው በደም ርሷል፤ ይተነፍሳል። የገጨው መኪና የለም።

‹‹እንዳትነኩት፣ ፖሊስ ይምጣ›› አለ አንዱ። ‹‹ኧረ አንሡት እናንተ!›› አለ ሌላው፤ እጁን ግን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። ሹፌራችን መሪውን እንደጨበጠ ‹‹ደሙ መኪናዬ ላይ ሲገኝ ‘የገጨኸው አንተ ነህ’ ቢሉኝስ?›› ይላል። እኔም ቆሜ አያለሁ። ከገደሉ አፋፍ የተቀመጡት ጭላዳዎችም ያዩ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከእነርሱ የምንለይበት ነገር ብዙ አልነበረም።

‹‹ሕዝባችን ጨክኗል›› ማለት ቀላል ነው። ግን ያ ሰው ለብቻው ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ ሠላሳ ሰዎች የትኛው ጥሎት ይሄድ ነበር? ይህን ጥያቄ አሜሪካኖችም አንሥተውታል። በ1956 ዓ.ም. ኪቲ ጄኖቬዝ የተባለች ወጣት ኒውዮርክ ውስጥ በቤቷ አጠገብ በስለት ተገደለች። ኒውዮርክ ታይምስ 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ዘገባው የተጋነነ መሆኑን ጋዜጣው ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ አምኗል፤ እንዲያውም አንዲት ጎረቤቷ ወርዳ አቅፋት ነበር። ቢሆንም ወሬው ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራንን ቀሰቀሰ። እነርሱም በ1960 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሰው በማይክሮፎን እያወራ ሳለ በድንገት ሲጥለው የሚሰሙት ተማሪዎች ምን እንደሚያደርጉ ፈተኑ። ሰሚው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካመነ ከ100ው 85ቱ ርዳታ ለመጥራት ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎች አብረውት እንደሚሰሙ ካመነ ግን የተነሡት 31 ብቻ ሆኑ። ኀላፊነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ትንሽ ነው ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በድሮው ሥርዓት መንገደኛ ተመልካች ብቻ ሆኖ ማለፍ አይችልም ነበር። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ወይም በንጉሡ ስም ‹‹በምኒልክ አምላክ!›› ብለው ያቆሙታል። ሰውየው ጉዳይ አለብኝ፣ አገሬ ሩቅ ነው ብሎ አያልፍም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ዳኛ ይሆናል። ተከራካሪዎቹ በቅሎ አግባ፣ ማር አግባ እየተባባሉ በፊቱ ይወራረዳሉ፤ ካልተስማሙ ወደ መልከኛው ይሄዳሉ። አውጫጭኝም ነበር። ከብት ቢሰረቅ ወይም ሰው ቢገደል የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሣውን አገሬው ሁሉ ይከፍላል። ‹‹አላየሁም›› ማለት ዋጋ ያስከፍል ነበርና ጎረቤት የጎረቤቱን ጩኸት ይሰማ ነበር።

ያንን ዘመን ለማወደስ አይደለም። አውጫጭኝ ገበሬውን ከእርሻው ነጥሎ ቀናትን ያስፈጀ፣ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር የቀጣ ሥርዓት ነበር። የመንገድ ዳኛውም ከደግነት ይልቅ ግዴታ የያዘው ሰው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግዴታው ያረፈው በዚያ በቆመው አንድ ሰው ላይ እንጂ በ‹‹ሕዝብ›› ላይ አለመሆኑ ነው።

ግዴታው በወረቀት ላይ አልጠፋም። ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ለከባድ አደጋ የተጋለጠን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳይጥል መርዳት ሲችል ትቶት የሚሄደውን ይቀጣል። ኮሶዬ ላይ ከቆምነው መካከል ይህን የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እኔም ያነበብኩት በኋላ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ በሰው ልብ የቀረው ሌላ ትምህርት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ የወጣቶች ሬሳ ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ይጣል ነበር። ማንሣት፣ ማልቀስም ያስጠረጥር ነበር፤ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ጎንደር በመላኩ ተፈራ እጅ ምን እንዳየች የከተማዋ እናቶች ያንጎራጎሩት ግጥም ዛሬም ይናገራል። አንድ ትውልድ የወደቀ ሰው ሲያይ ዐይኑን መስበርን በዚያ ተማረ። በአውጫጭኝ ዘመን የሚያስቀጣው አላየሁም ማለት ነበር፤ በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ አይቻለሁ ማለት ሆነ። የሹፌራችን ‹‹ቢሉኝስ?›› ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ምስክር ሆኖ ጣቢያ ሲመላለስ የሚባክነው የሥራ ቀን ሲታከልበት ደግሞ ፍርሃቱ ምክንያት ያገኛል።

ወደ ኮሶዬ ልመለስ። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት አሮጊት ክቡን ሰንጥቀው ገቡ። ሸክማቸውን ጣሉና ሰውየውን አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን ጠቆሙ።

‹‹አንተ ባለ መነጽሩ! በሕግ አምላክ፣ እግሩን ያዝ!››

ያዝኩ። ‹‹አንተ ባለ በትሩ፣ ራሱን ደግፍ! አንተ ሹፌር፣ በሩን ክፈት!›› ሁሉም የታዘዘውን አደረገ፤ ሠላሳው ሰው በአንድ ጊዜ እጅ አወጣ። እንዲያውም መሐል ወንበር ላይ ስናስተኛው ቦታ እስኪጠብ ድረስ ተረባረብን። ጎንደር ለመግባት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የቀረን፤ መንገዱን ሁሉ ‹‹አይዞህ ወንድሜ›› የማይለው ተሳፋሪ አልነበረም።

ሐኪሞቹ ሲቀበሉት ይተነፍስ ነበር። ሹፌሩ ቃሉን ሊሰጥ ሄዶ እስኪመሽ ቆየ። ሲመለስ ‹‹እንግዲህ ሌላ ቀን ታነሣለህ ወይ?›› ብዬ ጠየቅሁት። መኪናውን በውሃ እያጠበ ነበር፤ ጨርቁን እስኪጨምቅ ዝም አለና ‹‹እኒያ እናት ካሉ አነሣለሁ›› አለኝ።