ቀዩ ወርቅ

በወባ መመርመሪያዋ ካሴት ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር ወርቅ ናት ስላቸው፣ ለልምምድ የሚመጡት የላብራቶሪ ተማሪዎች ይስቃሉ። «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ሰብስበን አንሸጣትም?» ያለኝም አለ። ወርቅ ነጋዴ አያየውም እንጂ ወርቅስ ወርቅ ነው። የቀላውም በጣም ከማነሱ የተነሣ ነው። በማይክሮስኮፕ ስናየው የኖርነው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 7,000 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ የወርቋ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ 40 ናኖሜትር አካባቢ ናት። ወርቅ እዚህ ድረስ ሲደቅ አረንጓዴውን ብርሃን ይውጥና ለዓይናችን ቀዩን ይተዋል። ቅንጣቶቹ ከተጓጎሉ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

ስለ ናኖቴክኖሎጂ የሚያወሩ ሰዎች በደም ሥር ውስጥ ስለሚዋኙ ሮቦቶች ይነግሩናል። እኔን የሚገርመኝ የኋላው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1857 እ.ኤ.አ.፣ ማይክል ፋራዳይ ለንደን ላይ ስለ ወርቅና ብርሃን ንግግር አደረገ። ወርቅ ክሎራይድን በፎስፈረስ እየለወጠ ደማቅ ቀይ ፈሳሽ ሠርቶ ነበር። ጨረር ሲያሳልፍበት የብርሃኑ መንገድ ወለል ብሎ ታየው፤ ጨው ሲጨምርበት ሰማያዊ ሆነ። ቅንጣቶቹን የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ቢሆንም ወርቁ ደቅቆ በውሃው ውስጥ እንደተንሳፈፈ በትክክል ገመተ። ከጠርሙሶቹ አንዳንዶቹ ይሠራበት በነበረው በሮያል ኢንስቲትዩሽን ዛሬም አሉ፤ አሁንም ቀይ ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሪኤጀንት ለሚበላሽበት እንደኔ ላለ ሰው ይህ ያስቀናል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ሪቻርድ ዢግሞንዲ ከባልደረባው ጋር አልትራማይክሮስኮፕ ሠርቶ የቅንጣቶቹን ብልጭታ ለማየት በቃ፤ የ1925ን የኬሚስትሪ ኖቤልም ተሸለመ። ለሕክምናው ግን የበለጠ የጠቀመው ሌላው ግኝቱ ይመስለኛል፦ ፕሮቲን ሲኖር ጨው ወርቁን በቀላሉ አያጓጉለውም።

በ1912 በርሊን ውስጥ ካርል ላንገ ይህችን ነገር ይዞ ወደ በሽተኛ አልጋ ሄደ። የፈለገው ቂጥኝ ወደ አንጎል መዝለቁን ለማወቅ ነበር። የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይቀዳል፤ አሥር ቱቦ ይደረደራል። በመጀመሪያው ፈሳሹ በጨው ውሃ አንድ ለአሥር ይቀጥናል፤ በየተከታዩ ቱቦ እጥፍ እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ቀዩ ወርቅ ይጨመርና ያድራል። ጠዋት ቀለሙ ይነበባል፦ ቀይ ሆኖ ከቀረ 0፣ ቀለሙ ጨርሶ ከጠፋ 5። ውጤቱ ተርታውን የተጻፉ አሥር አኃዞች ነው፤ ሐኪሙም ከአኃዞቹ ቅርጽ በሽታውን ይገምታል። ብርጭቆው በደንብ ካልታጠበ ወይም ውሃው ካልጠራ ወርቁ ገና ሲዘጋጅ ይበላሻል። ይህ ምርመራ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ናኖሕክምና የሚባለውን ማን ጀመረው ብትሉኝ ያለማመንታት ላንገን እጠራለሁ።

በ1971 ፎክና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች አንቲቦዲን በወርቅ ቅንጣት ላይ አጣበቁ። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብለው ያደረጉት ነው፤ የኛ ካሴት የምትሠራው ግን በዚሁ ዘዴ ነው። ከጣት የተወሰደው ደም ጠብ ይልና ባፈሩ ይጨመራል። በደሙ ውስጥ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚረጨው ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ካለ፣ አንቲቦዲ የለበሰው ወርቅ ይይዘዋል። ተያይዘው በስስ ወረቀት ላይ ሲጓዙ መስመሩ ላይ የተተከለው ሌላ አንቲቦዲ ያስቀራቸዋል። እየተከማቹ ሲሄዱ ቀዩ ይታያል። ኤሌክትሪክም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ጤና ኬላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሩብ ሰዓት ገደማ መልስ ታገኛለች።

አሁን ግን ተውሳኩ ማምለጫ አበጅቷል። ኤችአርፒ-2ን የሚሠራውን ጂን የጣለ ፋልሲፓረም በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝቷል፤ በ2021 የታተመ ጥናት በሰሜንና በምዕራብ ድንበሮቻችን አካባቢ መኖሩን አሳይቷል። ሰውየው ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ካሴቷ «የለም» ትላለች። ወርቁ አላጠፋም፤ የሚይዘውን አጥቶ ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ትኩሳቱ ያልለቀቀውን ሰው መስመሯ አልወጣችም ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። ስላይድ ሥሩለት፤ ካልቻላችሁም ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ላኩት።