ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት

በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ሳይሆን ዓለቱ ከጣሪያ ወደ መሠረት እየተፈለፈለ የታነጹ በመሆናቸው፣ የተሰነጠቀውን መጠገን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለዘመናት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቁበት ዓለት ዛሬ ተዳክሟል።

ይህን ለመከላከል ከአሥር ዓመታት በላይ አስቀድሞ በአምስቱ ላይ አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው የታሰቡት መጠለያዎች ግን ቆይታቸው ረዘመ፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም ክብደታቸው ቅርሱን እንዳይጎዳ በመስጋት እ.ኤ.አ በ2018 አደባባይ ወጥተዋል።

ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለውም። ጎብኚ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለውን ጣሪያ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል።