ቆጣሪ የሌለው ዘፈን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «የኛ ሙዚቃ ከስፓኒሾቹ በምን ያንሳል? የነሱ በየሬዲዮው ሲንቆረቆር የኛን ማን ያውቀዋል?» አለኝ። እዚህ ሃክኒ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ለሚውል ሰው ጥያቄው አዲስ አይደለም። መልሴ ግን ብዙዎቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ጉዳዩ ከዘፈን ውበት ይልቅ የቆጠራ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ታክሲ ከመያዜ በፊት የውሃ መሐንዲስ ነበርኩ። ውሃ በቧንቧ ቢፈስም፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢጠጣውም፣ ቆጣሪ ካልተገጠመለት በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የለም። ዘፈንም እንደዚያው ነው።

ታሪኩን በሁለት ዓመታት ልንገራችሁ፤ 1987 እና 2017። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በጁን 1987 ከሃክኒ አጠገብ፣ ኢዝሊንግተን ውስጥ፣ «ኤምፕረስ ኦቭ ራሺያ» በሚባል መጠጥ ቤት አነስተኛ የሸክላ አሳታሚዎች ተሰበሰቡ። የአፍሪካን፣ የእስያን፣ የምሥራቅ አውሮፓን ሙዚቃ ይዘው ሱቅ ሲሄዱ ባለሱቁ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያኖረው ግራ ይገባው ነበር። ተመካከሩና ለሁሉም አንድ ስም አወጡለት፤ «ወርልድ ሚውዚክ»። ክፋት አልነበረበትም፤ እኛንም ጠቅሞናል። ትሪፕል ኧርዝ የተባለው የለንደን አሳታሚ በ1989 የአስቴር አወቀን አልበም አወጣ፤ በአሜሪካ ደግሞ ኮሎምቢያ አከፋፈለው። በ1991 «ካቡ» ተከተለ። ቢልቦርድም በ1990 ለወርልድ ሚውዚክ አልበሞች ለብቻቸው ቻርት ከፈተላቸው። መደርደሪያ አገኘን ማለት ነው። መደርደሪያው ግን አጥርም ነበር።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 1987፣ ሎስ ሎቦስ የተባሉት የሎስ አንጀለስ ልጆች የተጫወቱት «ላ ባምባ» በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። ዘፈኑ ከሜክሲኮ፣ ከቬራክሩዝ የመጣ የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ቃሉም ስፓኒሽ ነው። ማንም ወስዶ ወርልድ ሚውዚክ መደርደሪያ ላይ አልሰቀለውም፤ በዋናው በር ገባ።

ለምን? ፊልሙ አግዞታል፤ እሱ እውነት ነው። ከፊልሙ በፊት ግን የአርባ ዓመት ሥራ ነበር። በ1946 ራውል ኮርቴዝ የተባለ ሰው ሳን አንቶኒዮ ላይ ኬሲኦአር የተባለውን፣ ቀኑን ሙሉ በስፓኒሽ የሚያሰራጭ የራሱን ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ። ሌሎች ተከተሉ። በ1980 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የሂስፓኒክ ትውልድን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቤት አቀረበ። ስንት እንደሆኑ ሲታወቅ ማስታወቂያ መጣ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ጣቢያ በዛ። በ1986 ደግሞ ቢልቦርድ የስፓኒሽ ጣቢያዎች ምን እንደሚያጫውቱ ቆጥሮ የላቲን ዘፈኖች ቻርት ጀመረ። ልብ በሉ፤ እነሱም ለብቻቸው የተከለለ ቻርት ነበራቸው። ልዩነቱ፣ የነሱ ቻርት የቆመው በራሳቸው ሬዲዮና በራሳቸው አድማጭ ቁጥር ላይ መሆኑ ነው። የኛ የቆመው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው።

አሁን ወደ 2017 እንምጣ። ሜይ 2 ቀን ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበም አወጣ፤ በዚያው ወር በቢልቦርድ የወርልድ አልበሞች ቻርት አንደኛ ሆነ። ሁላችሁም ለጠፋችሁት፤ እኔም ለጥፌዋለሁ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። በዚያው በሜይ ወር የሉዊስ ፎንሲና የዳዲ ያንኪ «ዴስፓሲቶ»፣ ጀስቲን ቢበር ከገባበት በኋላ፣ መቶ ዘፈኖች በሚደረደሩበት በዋናው የአሜሪካ ቻርት አንደኛ ወጣና 16 ሳምንት ከዚያ አልወርድም አለ። እዚህ እንግሊዝ ደግሞ 11 ሳምንት። ሁለቱም «ቢልቦርድ ላይ አንደኛ» ይባላሉ፤ አንዱ ግን የሳሎኑ ወንበር ነው፣ ሌላው የጓዳው።

የቴዲ አልበም የወጣበት ቻርት የሚቆጥረው አሜሪካ ውስጥ የተገዛውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲዲ አዟሪው በየመንገዱ የሸጠው አንዱም አልገባበትም። እዚያ ያደረሰው በዋሽንግተን፣ በሲያትል፣ በዳላስ ያለው ሐበሻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዋናው ቻርት ግን ከሽያጩና ከኢንተርኔቱ ጋር የሬዲዮ ጨዋታም ይቆጠራል። ከ1991 ጀምሮ ጣቢያዎቹን ኮምፒዩተር ያዳምጣቸዋል፤ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ይመዘግባል። ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከኋላው ያለው ዘፈን እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ ነው።

እኛስ ሬዲዮ አጥተን ነው? አገር ቤት ለረጅም ዘመን የነበረው የመንግሥት ሬዲዮ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ2000 መጣ፤ ሸገር 102.1 በ2007። ጣቢያ ኖሮም በሩ ሁሌ ክፍት አይደለም። አልበሙ አሜሪካ አንደኛ በወጣበት ሰሞን የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ከቴዲ ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ሳያስተላልፍ አስቀርቶታል። የአድማጭ ድምፅ የሚሰጥበት የለዛ ሽልማት አለን፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ድምፅ መስጠት ሌላ፣ በየሳምንቱ የተጫወተውን መቁጠርና ለደራሲው መክፈል ሌላ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ሲወጣ የታለመው ለዚሁ ነበር። አዋጅ ግን ቆጣሪ አይሆንም፤ የሚገጥመው ባለሙያ ይፈልጋል።

የሙያ ባልደረባዬን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ፣ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣውን «ሸሞንሟናዬ» ካሴት አንድ አሜሪካዊ አግኝቶ በ2013 በሕጋዊ መንገድ በድጋሚ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። ዘፈኑ አልተለወጠም፤ ያው ካሴት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ያጣው መዝጋቢ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ። አንደኛ፣ ዘፈን በቴሌግራም መላላክ እንተው። ማንም አይቆጥረውም፤ ዘፋኙም ሳንቲም አያገኝም። አሜሪካ የሚቆጠረው አሜሪካ የተደመጠው ነው፤ እንግሊዝም የእንግሊዙን ነው። ስለዚህ እዚህ ያለን እኛ በራሱ በዘፋኙ ቻናል ስንሰማ ከምናስበው በላይ ይመዝናል። ሁለተኛ፣ የምታውቁት ወጣት ሙዚቀኛ ካለ «አይኤስአርሲ አለህ?» በሉት። ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚሰጥ፣ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው መታወቂያ ነው፤ እሱ ከሌለ ዘፈኑ ቢጫወትም ገንዘቡ ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት ይቸገራል። ሦስተኛ፣ ሬዲዮ። እዚሁ ዳልስተን፣ ጊሌት አደባባይ ላይ ኤንቲኤስ የሚባለው ጣቢያ በ2011 ከትንሽ ክፍል ተነሥቶ ዛሬ በኢንተርኔት መላው ዓለም ይሰማዋል። እኛስ በየከተማው ተበታትነን ከምንደክም አንድ በደንብ የሚሠራ፣ ያጫወተውን በሥርዓት የሚመዘግብ ጣቢያ ብናቆም? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እኮ የተረትነው እኛው ነን።

ሬዲዮ ላይ የሠራችሁ፣ ሙዚቃ ያሳተማችሁ ካላችሁ የምታውቁትን ከታች ጻፉልን፤ ሌሎቻችሁም ተከራከሩኝ።

ቸር ሰንብቱ።